ሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው

በካርቱም ጦርነቱ የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023) እንደሆነ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። አንድ ወር ካለፈ በኋላ፣ በግንቦት ወር፣ ሳሚል የሚባል በካርቱም የሚገኝ ፋብሪካ በእሳት መውደሙን ዩኒሴፍ አስታወቀ። በዚያ ሰሞን ከካርቱም የሚመጣው ወሬ ሁሉ የእሳትና የጥይት ስለነበረ ብዙ ሰው ልብ አላለውም ይሆናል። ፋብሪካው ግን ተራ ፋብሪካ አልነበረም። በሱዳን ውስጥ ክፉኛ ለከሱ ሕፃናት ከሚሰጠው የለውዝ ምግብ 60 በመቶ የሚሆነውን ያመርት የነበረው እሱ ነው። ከፋብሪካው ጋር 14,500 ካርቶን ምግብም ተቃጥሏል። አንድ ካርቶን አንድ ሕፃን አክሞ ለማዳን የሚበቃ ስለሆነ የ14,500 ሕፃናት መዳኛ ነበር ማለት ነው።

ይህ ምግብ በየክሊኒኩ የምናውቀው ብዙዎቻችን ፕላምፒ ነት እያልን የምንጠራው ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 አንድሬ ብሪየንድ የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ከሚሼል ሌስካን ጋር ሆነው ነው ያወጡት። ውስጡ ያለው የተፈጨ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ቪታሚንና ማዕድን ነው። ከዚያ በፊት ክፉኛ የከሳ ልጅ የሚታከመው ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ይህ ምግብ ከመጣ ወዲህ ግን ልጁ እናቱ ጋ ቤቱ ሆኖ እንዲታከም ተቻለ፤ ይህ አሠራር ገና ሲጀመር ከተሞከረባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያና ሱዳን ይገኙበታል።

እንግዲህ ፓኬቱ የታመመ ልጅ ማዳኛ ነው። ጤነኛው ልጅ እዚያ ደረጃ እንዳይደርስ የሚጠብቀው ቤት ውስጥ በየቀኑ የሚቀርብለት ሳህን ነው። ፋብሪካ ሊቃጠል፣ መንገድ ሊዘጋ፣ ራሽን ሊቀነስ ይችላል። ይህን ሁሉ በዓይናችን አይተነዋል። ስለዚህ በዛሬው ዝግጅታችን ባለን ነገር፣ በራሽኑም ሆነ ከገበያ በሚገኘው፣ የሕፃኑን ሳህን እንዴት መሙላት እንደምንችል እንመለከታለን።

ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያለው ጊዜ

ሕፃን እስከ 6 ወሩ ድረስ ከእናቱ ጡት ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ውኃም ቢሆን። የካርቱምና የገዳሪፍ ሙቀት ከ40 ዲግሪ በላይ ሲወጣ «ልጁ ጠማው» ብሎ ውኃ መስጠት የተለመደ ነው። ነገር ግን የእናት ጡት ወተት አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ማጥባት ይበቃዋል። ያልፈላ ውኃ ግን ተቅማጥ ይዞበት ይመጣል።

6 ወር ሲሞላው ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ሲወለድ ከእናቱ ይዞት የመጣው ብረት፣ ማለትም ደም የሚሠራው ማዕድን፣ ወደ ማለቂያው ይደርሳል። በጡት ወተት ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ ጥቂት ነው። ሰውነቱም ሆነ አእምሮው በፍጥነት የሚያድግበት ጊዜ ስለሆነ የሚያስፈልገው ኃይል በየወሩ ይጨምራል። ስለዚህ ጡት ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመራል፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ካለፈው በኋላ እንኳን ጡት የሚጠባ ልጅ ከሚያስፈልገው ኃይል አንድ ሦስተኛ ያህሉን የሚያገኘው ከጡት ነው።

በእነዚህ ወራት የተጎዳ ልጅ ቁመቱ ይቀራል። በኋላ ቢበላም ቢጠጣም የቀረውን ቁመት መመለስ አስቸጋሪ ነው። ትምህርት የመቀበል አቅሙም ይነካል። ልጃችን ተሰድዶ አድጎ ነገ አገሩ ቢገባ ወይም ሌላ አገር ቢሄድ ይዞት የሚሄደው ሰውነት የሚሠራው ዛሬ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲስሊ ዊሊያምስ የሚባሉ ሐኪም ዛሬ ጋና በምትባለው አገር ይሠሩ ነበር። እግራቸውና ፊታቸው ያበጠ፣ ፀጉራቸው የቀላ፣ ቆዳቸው የሚላላጥ ብዙ ሕፃናት ይመጡላቸዋል። የአገሩ ሰዎች በሽታውን «ክዋሺዮርኮር» ይሉት ነበር። በጋ ቋንቋ ታናሹ ሲወለድ ታላቁን የሚይዘው በሽታ ማለት ነው። እናቶቹ ከሐኪሟ በፊት ነገሩን አውቀውታል፤ አዲስ ልጅ ሲመጣ ታላቁ ድንገት ጡት ይጥላል፣ በምትኩ የሚሰጠው ቀጭን የእህል ምግብ ብቻ ይሆናል። በእኛም ዘንድ እናት ስትፀንስ ልጁን በአንድ ቀን ጡት ማስጣል የተለመደ ነው። ጤነኛ እናት ፀንሳም ብታጠባ አይከለከልም። ማቋረጥ ግድ ከሆነም ቀስ በቀስ ይሁን፤ በጡቱ ምትክም የልጁ ሳህን ይጨመር።

ቀጭን አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም

የሕፃን ጨጓራ ትንሽ ነው። በኪሎ ወደ 30 ሚሊ ሊትር ቢሆን 8 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በአንድ ጊዜ የሚችለው 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም አንድ ኩባያ ያህል ነው። ታዲያ ያ ኩባያ በውኃ ከተሞላ ልጁ ጠገበ ይባላል፤ ሆዱም ይነፋል፤ ሰውነቱ ግን ምንም አላገኘም። ብዙ እናት «ልጄ ይበላል ግን አይወፍርም» የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።

መለኪያው ቀላል ነው። ገንፎውን በማንኪያ አንሥታችሁ ማንኪያውን ዘንበል አድርጉት። እንደ ውኃ ከፈሰሰ ቀጥኗል። ማንኪያው ላይ ከቆየና ቀስ ብሎ ከወረደ ልክ ነው። የሱዳን ነሻም ሆነ የእኛ አጥሚት ለአራስና ለታመመ መልካም ነገር ነው፤ ለሚያድግ ሕፃን ዋና ምግብ ከሆነ ግን ወፈር መደረግ አለበት።

ወፍራም ገንፎ ሲሠራ ልጁ መዋጥ ካቃተው ውኃ አትጨምሩበት። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሩበት፤ ይለሰልሳል፤ ወደ 40 ካሎሪ የሚሆን ኃይልም ይጨምራል። ሌላም የቆየ ብልሃት አለ። ለጠላ የምናዘጋጀው የገብስ ብቅል ተፈጭቶ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በትኩስ ወፍራም ገንፎ ላይ ቢነሰነስና ቢማሰል ገንፎው ውኃ ሳይጨመርበት ይላላል። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ ማፍላት ነው። ብቅሉ ሻጋታ ያልነካው መሆን አለበት።

መጠኑን በተመለከተ ገና በ6 ወሩ በሁለትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ይጀመርና ቀስ በቀስ ግማሽ ኩባያ (ኩባያው 250 ሚሊ ሊትር የሚይዝ) ይደርሳል፤ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ። ከ9 ወር እስከ 11 ወር ግማሽ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። አንድ ዓመት ከሞላው እስከ 2 ዓመቱ ሦስት አራተኛ ኩባያ ወይም አንድ ሙሉ ኩባያ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። በመሐል አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እንደ ሙዝ ያለ መቅሰስ ይሰጠዋል። ጡት የማይጠባ ልጅ ከሆነ ተጨማሪ ምግብና ወተት ያስፈልገዋል።

ከስምንቱ ቢያንስ አምስቱ

ሁለተኛው ነገር የዓይነቱ ብዛት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ የሕፃንን ምግብ በ8 ምድብ ይከፍሉታል፤ ልጁ በቀን ውስጥ ቢያንስ ከ5ቱ መቅመስ አለበት ይላሉ። ምድቦቹን በምናውቀው ገበያ ስም ብንዘረዝራቸው እንዲህ ናቸው።

1. የእናት ጡት ወተት።
2. እህልና ሥራ ሥር፤ ማሽላ (ዱራ)፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ እንጀራ፣ ኪስራ፣ ዳቦ፣ ድንች።
3. ጥራጥሬና የቅባት እህል፤ ምስር (አደስ)፣ ፉል፣ ሽምብራ፣ አተር፣ ለውዝ (ፉል ሱዳኒ)፣ ሰሊጥ።
4. ወተትና እርጎ።
5. ሥጋ፣ ጉበት፣ ዶሮ፣ ዓሣ።
6. እንቁላል።
7. ቢጫ የሆኑና ደማቅ አረንጓዴ አትክልቶች፤ ዱባ፣ ካሮት፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ሙሉኪያ፣ ሪጅላ።
8. ሌላው አትክልትና ፍራፍሬ፤ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ባሚያ፣ ሙዝ፣ ጓቫ፣ ብርቱካን።

«ኧረ ይሄ ሁሉ ከየት ይመጣል?» እንደምትሉ እናውቃለን። እስቲ እንቁጠረው። ጡት የሚጠባ ልጅ አንዱን አገኘ። የማሽላና የምስር ገንፎ ከራሽኑ ሲሠራለት ሁለት ጨመረ፤ ሦስት ሆነ። ምሳ ላይ ከሙሉኪያ ወጥ ሁለት ማንኪያ ሲቀመጥለት አራት። አንድ ቲማቲም በዘይት በስሎ ሲጨመርበት አምስት። ሥጋ ሳይገዛ አምስት ሞላ ማለት ነው። ሙሉኪያና ሪጅላ ደግሞ የእቃ ማጠቢያ ውኃ በሚፈስበት በድንኳን ወይም በጎጆ ጓሮ፣ በአንድ ክንድ መሬት ላይ ወይም በአሮጌ ጆንያ ውስጥ ይበቅላሉ። ሳሙና የሌለበት ውኃ ይሁን እንጂ ብዙ ድካም አይጠይቁም።

ይህን ስንል ግን ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል አያስፈልጉም ማለታችን አይደለም። ደም የሚሠራው ብረት በደንብ የሚገኘው ከእነሱ ነው። ለሕፃን የሚያስፈልገው መጠን ደግሞ ትንሽ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ትንሽ ጉበት ተገዝቶ በደንብ ተቀቅሎ ቢፈጭለት ብዙ ይጠቅመዋል። ደረቅ ዓሣ፣ ሱዳኖቹ ከጀይክ የሚሉት፣ ተወቅጦ አጥንቱ በወንፊት ተለይቶ አንድ ማንኪያ ዱቄቱ በወጥ ላይ ቢነሰነስ ብዙ ቀን ያገለግላል። አንድ እንቁላል ተቀቅሎ ከድንች ጋር ቢፈጭ እሱም አንድ ሙሉ ምግብ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ጥርሱ ሳይሞላ ሥጋና እንቁላል አይችልም» ይላሉ። የልጁ ሆድ ከ6 ወሩ ጀምሮ ይችላል፤ የሚያስፈልገው በደንብ መብሰሉና መድቀቁ ነው። ከአዋቂው ወጥ የሚሰጠው ከሆነም በርበሬና ብዙ ጨው ከመግባቱ በፊት የእሱ ድርሻ ይውጣለት። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይሰጥም፤ ለትንሽ ሕፃን አደገኛ የሆነ መርዛም በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ምጥን ዱቄት ቤት ውስጥ

ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ሰው ፋፋን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን ትብብር የተቋቋመ የሕፃናት ምግብ ክፍል ነበር፤ ፋፋ የተገኘው በዚያ በተሠራው ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር፦ የአገሩን እህል ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት ጋር ማመጣጠን። ስሙም ራሱ ይናገራል፤ ፋፋ ማለት ወፈረ፣ አማረበት፣ ደላው ማለት ነው።

በየመጠለያው ለሕፃናት የሚታደለው ሱፐር ሲሪያል ፕላስም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፤ በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ከቪታሚን ጋር ነው። ይህን የምታገኙ ከሆነ ለሕፃኑ ብቻ ይሁን። ለቤተሰቡ ሁሉ አንድ ቀን ገንፎ ተሠርቶ ካለቀ ሕፃኑ ለሳምንታት ያለ ድርሻ ይቀራል።

የማታገኙ ከሆነ ምጥኑን ራሳችሁ ማዘጋጀት ትችላላችሁ።

ሦስት እጅ ማሽላ ወይም ስንዴ ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በፀሐይ ማድረቅና ለብ እስኪል መቁላት። አንድ እጅ ምስር ወይም ሽምብራ ወይም ክክ ለብቻው ቆልቶ ማቀዝቀዝ። ሁለቱን ቀላቅሎ ማስፈጨትና ክዳን ባለው ደረቅ ቆርቆሮ ማስቀመጥ። ለአንድ ጊዜ ምግብ የሚበቃውን ዱቄት መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ፣ በሚፈላ ውኃ ላይ ጨምሮ፣ ማንኪያ ላይ እስኪቆይ ድረስ እያማሰሉ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማብሰል። ከእሳት ሲወርድ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ለውዝና አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት መጨመር። ትንሽ አዮዲን ያለው ጨው ይበቃዋል።

ስለ ለውዙ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የመረረ ፍሬ እየተለቀመ ይጣል፤ ሻጋታው መርዝ አለው፤ በመቁላትም አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ሙሉ ፍሬ ለውዝ እስከ 5 ዓመት ላለ ልጅ አይሰጥ፤ ትንፋሽ ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ያንቀዋል። ሁልጊዜ የተፈጨ ይሁን። ሦስተኛ፣ መጀመሪያ ሲሰጠው በጣም በትንሹ ይሁንና ሰውነቱ ሽፍ እንዳይል፣ ከንፈሩ እንዳያብጥ ይታይ። እንዲህ ከሆነበት ተዉትና ለሐኪም ንገሩ።

ሻይና ብስኩት ምግብ አይደለም

ከጦርነቱ በፊት በካርቱም፣ በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩ እንደነበር የታወቀ ነው። የሱዳን መንግሥት ሕግ ስደተኛ በመጠለያ ጣቢያ እንዲኖር ስለሚያዝ ካርቱም የገባ ሰው ራሽን አልነበረውም። የዕለት ጉርሱን በራሱ ላብ ያገኝ ነበር። ከእኅቶቻችን ብዙዎቹ በየመንገዱ ዳር ሻይና ቡና በመሸጥ ወይም በሰው ቤት በመሥራት ነው የኖሩት። ጦርነቱ ወደ ገዳሪፍ፣ ወደ ከሰላና ወደ ሌላ አካባቢ ከበተናቸው በኋላም ብዙዎቹ ያንኑ ሥራ ይዘዋል።

ጎህ ሳይቀድ ወጥታ ማታ የምትገባ እናት ልጇን ለጎረቤት ወይም ለታላቅ እኅቱ ትተዋለች። ልጁ ሲያለቅስ በእጅ ያለው ነገር ይሰጠዋል፤ ብዙ ጊዜም ስኳር የበዛበት ሻይ በወተትና ብስኩት ነው። ልጁ ዝም ይላል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። ሻይ ውስጥ ያለው ነገር በእህልና በጥራጥሬ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳል። ስኳሩ ደግሞ የምግብ ፍላጎቱን ይዘጋዋል። ወተት ከተገኘ ያለ ሻይ፣ በደንብ ፈልቶ፣ በኩባያ ይሰጠው። በአህያ ተጭኖ የሚሸጠው ወተት በተለይ ሳይፈላ አይሰጥ። ሻይን የሚተካ ሳይሆን ብረቱን የሚያግዝ ከተፈለገ ሎሚ ወይም ቲማቲም ከምግቡ ጋር መስጠት ይጠቅማል።

ለሥራ የምትወጣ እናት ምን ታድርግ? ከመውጣቷ በፊት ታጥባው፤ ስትገባም፣ ሌሊትም ታጥባው። የበሰለ ገንፎ ከጧት እስከ ማታ አስቀምጣ አትሂድ። በዚህ ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ የቆየ የበሰለ ምግብ ተቅማጥ ያመጣል። ከዚያ ይልቅ ደረቁን ምጥን ዱቄት ለጎረቤት ትተው፤ በምሳ ሰዓት አዲስ ይሠራለት። ያ ካልተቻለ የማይበላሽ ነገር ይቀመጥለት፤ ያልተላጠ ሙዝ፣ የተፈጨ ለውዝ የተቀባ ዳቦ። የተፈጨ ለውዝ ውስጡ ውኃ ስለሌለ ተሐዋስያን በቶሎ አይራቡበትም። ከላይ የጠቀስነው የፋብሪካ ምግብም ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጡጦ ባይኖር ይመረጣል። ጡጦን በዚህ ኑሮ በንጽሕና መያዝ ከባድ ነው። ኩባያና ማንኪያ ግን በሳሙና ወዲያው ይታጠባል። የሚያበላውም ሰው፣ የሕፃኑም እጅ ከምግብ በፊት ይታጠብ።

ከገበታው ለየት ብሎ

እኛ ከአንድ ገበታ መብላት እንወዳለን፤ ፍቅርም ነው። ነገር ግን አምስት ስድስት ሰው በተቀመጠበት ትሪ ላይ የአንድ ዓመት ልጅ ሲቀመጥ ተሸናፊው እሱ ነው። እጁ አጭር ነው፣ ያላምጣል ቀስ ብሎ፣ ሲጫወት ምግቡ ያልቃል። ስንት እንደበላም ማንም አያውቅም። «አብሮን በላ» እንላለን፤ የበላው ግን ሁለት ጉርሻ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ለሕፃኑ የራሱ ሳህን ይኑረው። ፕላስቲክም ይሁን ቆርቆሮ፣ ድርሻው ተለይቶ ይቀመጥለት። ያን ጊዜ ምን እንደቀረለት ይታያል። አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ እያዩት፣ እያናገሩት ይብላ። አፍንጫ ይዞ ወይም እጅ ይዞ ማጉረስ ክልክል ነው፤ ሊታነቅ ይችላል፤ ምግብንም እንዲጠላ ያደርገዋል። እንቢ ካለ ቆይቶ እንደገና መሞከር ነው። አዲስ ምግብ ለመልመድ ብዙ ጊዜ መቅመስ ያስፈልገዋልና አንድ ጊዜ ስለተፋው «አይወደውም» ብላችሁ አትተዉት።

አባቶችም ይህ የእናት ጉዳይ ብቻ ነው አትበሉ። ገንዘቡን የያዘው አባት ከሆነ እንቁላሉን የሚገዛው እሱ ነው። ሥጋ ሲገኝ ቀድሞ ለአባወራ ማቅረብ ባህላችን ነው፤ ለሕፃኑ ሁለት ማንኪያ አስቀድሞ ቢወጣለት የአባት ክብር አይቀንስም።

ስለ ጾምም አንድ ቃል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም አይገደድም። በእስልምናም ረመዳን በሕፃን ላይ ግዴታ አይደለም፤ የምታጠባ እናትም ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች አፍጥራ በኋላ እንድታወጣ ተፈቅዶላታል። ችግሩ ቤቱ ሲጾም ለሕፃኑ ለብቻው የሚሠራ አለመኖሩ ነው። በጾም ወራት ለእሱ ተብሎ ወተት ወይም እንቁላል ይፈለግለት።

ልጁ ሲታመም

እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985 በምሥራቅ ሱዳን መጠለያዎች የነበሩ ወላጆች ኩፍኝ በሕፃናት ላይ ያደረሰውን አይረሱም። በዚያ ጊዜ ከዋነኞቹ ገዳዮች አንዱ ነበር። ኩፍኝ የጠገበ ልጅንም ያማል፤ የከሳ ልጅ ላይ ሲያርፍ ግን ይበረታል፣ ዓይንንም ያጠፋል። ስለዚህ የኩፍኝ ክትባትና በየ6 ወሩ የሚሰጠው የቪታሚን ኤ ጠብታ አይለፋችሁ። ዱባው፣ ካሮቱና ሙሉኪያው የሚያግዙትም በዚሁ ነው።

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ምግብ መከልከል የቆየ ስሕተት ነው። ጡቱም ምግቡም ይቀጥላል፤ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ። አንድ ፓኬት ኦ.አር.ኤስ. በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የዚንክ እንክብልም ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ሳይቋረጥ ይዋጥ። ሲድን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ምግብ ይጨመርለት፤ ሰውነቱ ያጣውን የሚመልሰው ያን ጊዜ ነው።

ክንዱን አስለኩ

ልጅ እየከሳ መሆኑን እናት በዓይኗ ላታውቅ ትችላለች፤ በየቀኑ ስለምታየው። የጤና ሠራተኞች የሚይዙት ባለ ቀለም መለኪያ ግን አይሳሳትም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ በግራ ክንዱ መሐል ላይ ይለካል። 12 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው፤ ደኅና ነው። ከ11 ነጥብ 5 እስከ 12 ነጥብ 5 ቢጫ ነው፤ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልገዋል። ከ11 ነጥብ 5 በታች ቀይ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ሌላው ምልክት እብጠት ነው። ሁለቱንም የእግር ጀርባ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ተጭናችሁ ስትለቁ ጎድጓዳ ሆኖ ከቀረ፣ ልጁ ወፍራም ቢመስልም እንኳ በሽተኛ ነው። «ወፈረልኝ» ብላችሁ እንዳትታለሉ።

የለውዙ ፓኬት ከታዘዘለት ለሌላ ልጅ አይካፈል፣ አይሸጥም። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሆኖ 500 ካሎሪ አለው፤ በቀን ስንት እንደሚበላ የሚወሰነው በኪሎው ነው። ሲበላ የሚጠጣ ንጹሕ ውኃ ይቅረብለት፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ ይቅደም። ቤት ውስጥ ለውዝ ፈጭቶ ፓኬቱን መተካት እንደማይቻልም ይታወቅ። ቪታሚኑና ማዕድኑ በመድኃኒት ልክ የተመጠነ ነው። የቤት ለውዝ ለጤነኛው ልጅ ነው።

የአንድ ቀን ሳህን

ለማጠቃለል ያህል፣ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ለሆነው ልጅ አንድ ቀን እንዲህ ሊሆን ይችላል።

ጧት ጡት፤ ቀጥሎ የምጥን ገንፎ ከተፈጨ ለውዝ ጋር አንድ ኩባያ። ረፋድ ላይ ግማሽ ሙዝ ወይም ለውዝ የተቀባ ቁራሽ ዳቦ። ምሳ፣ በርበሬ ያልገባበት የምስር ወይም የፉል ወጥ ከሙሉኪያ ጋር፣ እንጀራው ወይም ኪስራው ተፈትፍቶ፤ ላዩ ላይ ዘይትና የሎሚ ጠብታ። ከሰዓት በኋላ ጡት፣ ወይም የፈላ ወተት በኩባያ። እራት፣ ድንች ወይም ዱባ ተቀቅሎ ተፈጭቶ ከእንቁላል ወይም ከደረቅ ዓሣ ዱቄት ጋር። ሌሊት ጡት።

ሁሉም በየቀኑ ላይሞላ ይችላል። የሞላውን ቀን ማብዛት ነው። ገንዘቡ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀረው ብስኩቱና ሻዩ ይሁን፤ ለውዙ፣ ዘይቱና ቅጠሉ አይቅሩ። ሌላው ሁሉ ቢያቅት እንኳ ማንኪያ ላይ የሚቆይ ገንፎና የራሱ ሳህን ለዛሬ ማታ ይቻላል። ከዚያ በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ብላችሁ ክንዱን አስለኩት።

ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።